ፒክሰል ከየት ይጨመራል?

ሐረር፣ አቦከር ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ደሜን አፍልቶታል፦ «የድሮ ፎቶዎን በፎርኬ (4K) እናድሳለን፤ የጎደለውን ፒክሰል እንሞላለን!» ባለቤቱ በጉርድ ፎቶ የሚታማ ሰው አይደለም። ስጠይቀው ግን «ፒክሰል ማለት ጥራት ነው፤ በጨመርክ ቁጥር ፊቱ እየወጣ ይመጣል» አለኝ። የማን ፊት?

ለናሙና የሰቀላት የሐረሪ እናት ፎቶ መልሱን ትናገራለች። ፎቶውን የሚያድሰው ማሽን ጉፍታ የሚባል ነገር አያውቅምና ከጆሮዋ ኋላ የተጠቀለለውን ጸጉር የዲጄ ማዳመጫ አስመስሎታል። ይህ ነው እንግዲህ «የጎደለው»!

«ፒክሰል» የሚለውን ቃል ለኅትመት ያበቃው በ1965 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ባልደረባ ፍሬድ ቢሊንግስሊ ነው። «የምስል ቅንጣት» ከሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጦ የተገጣጠመ ሲሆን፣ የተጻፈውም መንኮራኩሮች ከጨረቃና ከማርስ ስለሚልኳቸው ምስሎች ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ማሪነር 4 በማርስ አጠገብ ስታልፍ ያነሳችው እያንዳንዱ ምስል 200 በ200፣ ማለትም 40,000 ቅንጣት ነበረው። አንዷ ቅንጣት ከ0 እስከ 63 ያለች ቁጥር ናት፤ እዚያች ቦታ ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደነበረ ትናገራለች፣ በቃ። አንዱ ምስል ምድር እስኪደርስ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። መሐንዲሶቹ መጠበቅ ቢያቅታቸው የደረሳቸውን ቁጥር በወረቀት አትመው በእጃቸው ቀለም ቀቡት። ያልደረሳቸውን ግን ከኪሳቸው አላወጡም።

ፒክሰል ተለክቶ የተገኘ ነገር ነው። ካሜራው ያን ጊዜ ያልለካውን ዛሬ ማንም ሊለካው አይችልም። ማሽኑ የሚያደርገው ከሌሎች እልፍ ሰዎች ፊት ገምቶ መሳል ነው፤ ወንድሜ ባለ ፎቶ ቤቱም በአያትህ ግንባር ሥር የማታውቀውን ሰው አፍንጫ ተክሎ ሒሳብ ይቀበልሃል።

«ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል» ይለኛል። ይሂድ! ደስታ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ማስረጃ ከተነሣ፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሐረር ራሱን በራሱ ፎቶ አነሳ፤ አንዱን በቤቱ ሰገነት፣ አንዱን በቡና፣ አንዱን በሙዝ ተክል መሐል። ለቤተሰቡ ሲልክ ማጠቢያው ውሃ መጥፎ ስለነበር ፎቶዎቹ መንጣታቸውን በግልጽ ጻፈ። ለዛሬው ማሽን ብትሰጡት ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ ያወጣለታል፤ የራምቦ ሽፋሽፍት ግን አይደለም። የነጣው ፎቶ ቢያንስ የሐረርን ውሃ ነገር ይዟል፤ የታደሰው ያንንም ያጥባል።

አሳድሱ፣ አልከለክልም። ዋናውን ግን አትጣሉ፤ የታደሰውንም ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉ ከሥሩ «በማሽን የተሣለ» ብላችሁ ጻፉበት።