ሌዘር ወይስ መነጽር?

የዓይን ሞራውን ሳይታከም የቀረ ሰው ዕይታውን ሊያጣ ይችላል፤ ላሲክ የሚባለውን የሌዘር ቀዶ ሕክምና የተወ ሰው ግን መነጽሩን አድርጎ ማየቱን ይቀጥላል። በሌዘር የሚነካው ዓይን በአብዛኛው በመነጽር አጥርቶ የሚያይ ጤነኛ ዓይን ስለሆነ፣ «አደጋው ትንሽ ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። አደጋው መመዘን ያለበት ሰውዬው ሌዘሩን ባይሠራ ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው፤ ያ ደግሞ መነጽር ለሚያደርግና ኮንታክት ሌንስ ለሚጠቀም ሰው አንድ አይደለም።

በላሲክ ሐኪሙ ኮርኒያ ከሚባለው ከዓይን ፊተኛው ብርሃን አሳላፊ ክፍል ላይ ስስ ሽፋን ገልጦ ከሥሩ ያለውን በሌዘር ይቀርጽና ሽፋኑን መልሶ ይከድነዋል። የኮርኒያ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከእርሱ የተነሣው አይተካም። ሽፋኑ ሲገለጥ የነርቭ ጫፎች ስለሚቆረጡም ዓይን ሊደርቅ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከሌሎች ተቋማት ጋር አጥንቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ውጤት፣ ከታካሚዎቹ ከ95 በመቶ በላይ በዕይታቸው ረክተዋል። ሆኖም ከሕክምናው በፊት የዕይታ መታወክ ምልክት ካልነበረባቸው መካከል ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሦስተኛው ወር በመብራት ዙሪያ ቀለበት እንደ ማየት ያለ ቢያንስ አንድ አዲስ ምልክት ነበራቸው። በእነዚህ ምልክቶች የተነሣ የዕለት ሥራቸው እጅግ የከበዳቸው ከታካሚዎቹ ከ1 በመቶ በታች ናቸው። የእርካታውም የአዲሱ ምልክትም ቁጥር እውነት ነው፤ ሌሊት መኪና እየነዳ ለሚያድር ሰው ግን የምልክቱ ቁጥር ከእርካታው ይልቅ ይመለከተዋል።

«ኮንታክት ሌንስስ አደጋ የለውም ወይ?» የሚል ተከራካሪ ትክክል ነው። ለስላሳ ሌንስ ቀን ብቻ ከሚጠቀሙ 10,000 ሰዎች በዓመት 4 ያህሉ ኮርኒያቸው በጀርም ይቆስላል፤ ሌንሱን ሳያወልቁ በሚተኙት ላይ ቁጥሩ ወደ 20 ይጠጋል። ይህ አደጋ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ሌንሱን በቧንቧ ውኃ የሚያጥብ፣ አድርጎትም የሚተኛ ሰው ልማዱን መተው ካቃተው፣ በጥሩ ምርመራ የተሠራ ሌዘር ሳይሻለው አይቀርም። መነጽር ግን ዓይንን አይነካም፤ ስለዚህ የሌንስ አደጋ በመነጽር ደስተኛ ለሆነ ሰው የሌዘር ማስረጃ ሊሆን አይችልም። «አንዴ ተሠርቶ መገላገል» የሚለው ተስፋም ሙሉ አይደለም። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ንባብ ማስቸገሩን ላሲክ አያስቀረውም። እንዲያውም ቀላል የርቀት ዕይታ ችግር ያለበት ጎልማሳ መነጽሩን አውልቆ ማንበብ ይችል የነበረ ሆኖ ሳለ፣ ከሌዘሩ በኋላ ለማንበብ አዲስ መነጽር ሊገዛ ይችላል።

መነጽር ለአንዳንዶች በእርግጥ ሸክም ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ፣ በእሳት አደጋ ሠራተኝነት ወይም በስፖርት የሚተዳደር ሰው ሌዘር ሲመርጥ የሚያገኘው ጥቅም እውነተኛ ነውና እኔም አልቃወመውም። የምቃወመው ከሌዘሩ በፊት የሚደረገውን ምርመራ እንደ ተራ ፎርም መሙያ ማየትን ነው። በሀገራችን ብዙ ሕፃናት የዓይን አለርጂ አለባቸው፤ ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ደግሞ ኬራቶኮነስ ከሚባለው፣ ኮርኒያን እያሳሳ ከሚያሾል በሽታ ጋር ይያያዛል። ይህ በሽታ ጅምሩ ላይ ሳይታወቅ ሌዘር ከተሠራበት ዕይታን ክፉኛ ሊያበላሽ ይችላል፤ ጅምሩን የሚያሳየው የኮርኒያን ቅርጽ የሚያነሣው መሣሪያ እንጂ ፊደል ማስነበብ አይደለም። ስለዚህ ለዚሁ ሕክምና ውጭ ሀገር የሚሄድ ሰው ደርሶ በማግሥቱ ከሚሠራለት ክሊኒክ ይልቅ «አንተ አይሆንህም» ለማለት የሚደፍረውን ይፈልግ። ሲመለስም ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተወሰደውን የኮርኒያ ልኬት በጽሑፍ ይዞ ይምጣ፤ ከዓመታት በኋላ ሞራ ቢይዘው፣ ሐኪሙ የሚተክለውን ሌንስ ቁጥር ሲያሰላ ያ ወረቀት ያስፈልገዋል።