ከማሊያው በፊት ቁምጣው!

የኳስ ተመልካች ስለ ልብስ ሲያወራ የሚያወራው ስለ ማሊያ ነው። የአርሰናል አዲሱ ያምራል፣ የማንቼው ዘንድሮ አልሆነም፣ ሦስተኛው ተለዋጭ ፒጃማ ይመስላል እያለ ሙሉ ቅዳሜ ሲሟገት የሚውል ሰው ሞልቷል። ብስክሌት ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዋናው ቁምጣው ነው። ማሊያው ባይመችህ ተነጫንጨህ ትጨርሳለህ፤ ቁምጣው ካልተመቸህ ግን ውድድሩ አለቀ።

ለቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ 1989ን የአርሰናል ደጋፊ አይረሳውም። ማይክል ቶማስ አንፊልድ ላይ በመጨረሻዋ ደቂቃ አግብቶ ዋንጫውን ከሊቨርፑል አፍ ላይ የነጠቀበት ዓመት ነው። ከዚያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ፓሪስ ላይ የዚህ ወንድም የሆነ ነገር ተፈጠረ። ፈረንሳዊው ሎራን ፊኞን ቱር ደ ፍራንስን በ50 ሰከንድ እየመራ የመጨረሻው ቀን ክሮኖ ሜትር ላይ ደረሰ። የቀረው 24.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ በዚያች መንገድ 58 ሰከንድ ቀደመውና ቱሩን በ8 ሰከንድ ወሰደ። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጋልቦ 8 ሰከንድ! ለሞንድ ንፋስ የሚሰነጥቅ ሄልሜትና ለየት ያለ መሪ ይዞ መምጣቱ እውነት ነው። ፊኞን ግን መቀመጫው ላይ ቁስል ወጥቶበት ኮርቻው ላይ መቀመጥ ራሱ ስቃይ ሆኖበት ነበር። ያ ቁስል ስንት ሰከንድ እንደበላበት ማንም ሊነግረን አይችልም። ከስምንት ያንሳል ብሎ የሚወራረደኝ ካለ ግን ይምጣ።

አሁን ከፓሪስ ወደ አብርሃ ጅራ እንውረድ። “ምን አገናኛቸው?” የሚል አይጠፋም። መቀመጫ ያገናኛቸዋል። አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ከተማ ናት፣ የሰሊጥ አገር። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሱዳን ቅርብ ነው፣ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ የኖረ ነው። እዚያ ብስክሌት ያገኘ ልጅ ምን ለብሶ ይወጣል? አዲስ አበባ ያለው ልጅ የሚለብሰውን ነዋ! ከታች ጂንስ፣ ከላይ የማንቼ ማሊያ።

ጂንስ ለብስክሌት የተረገመ ልብስ ነው። አራቱም ስፌት የሚገናኘው ልክ ኮርቻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ላብ ሲነካው ይከብዳል፣ ይደርቃል፣ ያፋትጋል። በመጀመሪያው ቀን ይቀላል፣ በሁለተኛው ይላላጣል፣ በሳምንቱ ብጉንጅ ነው። ከዚያ ልጁ “ብስክሌት አልስማማህ አለኝ” ብሎ ይተወዋል። አልስማማ ያለው ብስክሌቱ ሳይሆን ሱሪው መሆኑን የሚነግረው የለም።

የኮርስ ብስክሌተኛ ቁምጣ የሚጠበቀው ለማማር አይደለም። የሚለጠጠው ጨርቅ ከቆዳው ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ አያፋትግም። ውስጡ ያለችው ስፖንጅ ደግሞ ስፌት የሌለባትና ላብ የምትመጥ መሆን አለባት። ወፍራም ስፖንጅ የበለጠ ይመቻል ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል፤ የሶፋ ስፖንጅ ያሰፋ ሰው ዳይፐር እንዳደረገ ሕፃን ነው የሚሆነው። ከትከሻ ላይ በማንጠልጠያ የሚያዘው ዓይነት ሆድ ስለማያስር ይሻላል። አንድ ነገር ደግሞ አፍሬም ቢሆን ልናገር፦ ከሥሩ ፓንት አይለበስም። ፓንቱ ስፌት አለው፣ ስፌቱ ደግሞ ስፖንጇን ከንቱ ያደርጋታል። ቫዝሊን የሚቀቡም አሉ፣ ይጠቅማል።

ማሊያውስ? የኳስ ማሊያ ክፉ አይደለም፣ ጨርቁ ከጥጥ ቲሸርት ቶሎ ይደርቃል። ገበያው ውስጥ የሞላው አንዳንዱ ግን ማሊያ ሳይሆን ላስቲክ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ጨርቁን አፍህ ላይ አስጠግተህ ንፋ፤ ትንፋሽህ ወዲያ ካላለፈ አብርሃ ጅራ ላይ ይቀቅልሃል። ለደጋፊነት ልበሰው፣ ለጋለባ አይሆንም።

እዚህ ላይ የቆላውን ሰው ሳንሰማ ማለፍ ነውር ነው። ሱዳኑም ሆነ የድንበሩ ሰው ሙቀትን በሰፊ ነጭ ልብስና በራስ ጥምጣም ነው የሚችለው። ልክ ነው። ገበያ ደርሶ ለሚመለስ፣ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ሰፊ ልብስ አየር ያስገባል፣ ፀሐይም ይከላከላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚበር ግን ያው ልብስ ሸራ ይሆንና ንፋስ ይይዛል፤ የጀላቢያ ጫፍ ሰንሰለት ውስጥ ከገባ ደግሞ ጥርስ ነው የሚለቀመው። ስለዚህ ከቆላው ሰው ቀለሙንና መሸፈኑን መውሰድ ነው። ነጭ፣ ስስ፣ እጅጌው ረዘም ያለ፣ አንገት ላይ እርጥብ ጨርቅ። ለአቧራው መነጽር።

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ቆላው ለሚወርድ ችግሩ ሌላ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ማለዳው ይበርዳል። ታች ስትደርስ ምድጃ ነው። ሁለት ልብስ ተሸክሞ ከመሄድ የድሮ አውሮፓውያን ጋላቢዎች ዘዴ ይሻላል፦ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ደረታቸው ላይ ማሊያው ሥር ጋዜጣ ይሸጉጡ ነበር። ንፋሱን ያቆመዋል፣ ሲሞቅህ አውጥተህ ታነበዋለህ። ይቺ ገጽ ለዚህ ብታገለግል ቅር አይለኝም።

ትልቁ መሰናክል ግን ሙቀቱም ገንዘቡም አይደለም፣ “ምን ይሉኛል” ነው። በትንሽ ከተማ ታይት ለብሶ በአዛውንት ፊት ማለፍ ቀላል አይደለም፣ ለሴት ልጅ ደግሞ እጥፍ ነው። በዚህ ልጆቹ ላይ አልፈርድም። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ስፖንጅ ያለውን ቁምጣ ከሥር፣ ሰፋ ያለ የኳስ ቁምጣ ወይም ስስ ሱሪ ከላይ። የማውንቴን ጋላቢዎችም የሚለብሱት እንዲህ ነው።

“አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አልሮጠም ወይ? ቅንጦት ምን ያደርጋል?” የሚል ክርክር እሰማለሁ። አበበ እ.ኤ.አ 1960 ሮም ላይ ጫማውን የተወው እኮ ስላልተመቸው ነው! ምቾትን መርጦ ነው። ቶኪዮ 1964 ላይ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

ብስክሌትስ ለዚች አገር እንግዳ ነው? ሜልቦርን 1956 የመጀመሪያው ኦሊምፒካችን ላይ ከሄዱት 12 ስፖርተኞች 4ቱ እነ ገረመው ደንቦባ፣ ብስክሌተኞች ነበሩ። ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ለማየት ግን ጽጋቡ ግርማይን እስከ 2016 ጠበቅን። ጎረቤታችን ኤርትራ በ2024 በቢኒያም ግርማይ የቱሩን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደች፣ በ2025 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮና ኪጋሊ ድረስ መጣ። እኛ ለወጣቶች ብስክሌት ስናከፋፍል ፎቶ እንነሳለን፤ ፎቶው ላይ ቁምጣ አይታየኝም። ለኳስ ቡድን ኳስ ሰጥቶ ታኬታ እንደመከልከል ነው።

ሰልባጅ ውስጥ ፈልጉ የሚሉ አሉ። ማሊያና ጓንት ከሆነ ይሁን። ቁምጣ ግን ሌላ ሰው ላቡን ያፈሰሰበትና ስፖንጁ የሞተ አይገዛም። ስለዚህ ለአብርሃ ጅራም ለመተማም ልጅ ብስክሌት የሚሰጥ አካል ካለ፣ ከብስክሌቱ ጋር አዲስ ቁምጣ ይስጥ። ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ ያላበው በየቀኑ መታጠብ አለበት፣ በዚያ ፀሐይ ደግሞ ሳሙናው ሳይደርቅ ቁምጣው ይደርቃል።