ችግኙን ስንተክል የቆመውን ዛፍ አንርሳ

 

ክረምት በገባ ቁጥር ችግኝ እንተክላለን፤ አልሐምዱሊላህ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ እንስሳ ወይም ወፍ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረውናል። ዛሬ ግን ልናነሳ የፈለግነው የምንተክለውን ሳይሆን ቀድሞ የቆመውን ዛፍ ነው። ጉዱማሌ ወርደን ጥላው ሥር የምንቀመጥበትን ማለታችን ነው።

ነገሩን እንድናስብ ያደረገን በቀቀን ነው። ብዙዎቻችን በቀቀንን የምናውቀው በፊልም ላይ ሲያወራ ነው። አገራችን ግን የራሷ በቀቀኖች አሏት። ቢጫ ግንባሩ በቀቀን ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም የትም የለም፤ እሱን ለማየት የዩኒቨርሲቲያችን የደን ኮሌጅ ወዳለበት ወንዶ ገነት ከሩቅ አገር የሚመጡ አሉ። ክንፏ ጥቁር የሆነው ትንሿ በቀቀን ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናት፤ እዚሁ ሐይቃችን ዳር ባሉ ዛፎች ላይም ትታያለች።

እነዚህ ሁለቱ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ገና አልገቡም። ይህ ሊያዘናጋን አይገባም። የአፍሪካው ግራጫ በቀቀንም በአንድ ወቅት በየደኑ ሞልቶ ነበር። ለቤት ወፍነት እየተያዘ ሲሸጥ፣ መኖሪያው ደንም ሲመነጠር፣ በጋና ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከ90 እስከ 99 በመቶው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመዘገበ፤ በዚያው ዓመት ከዱር የተያዘውን ወፍ ከአገር አገር መነገድ እንዲታገድ ተወሰነ። ውሳኔው የመጣው ብዙው ካለቀ በኋላ ነው።

የእኛዎቹ አደጋ የዛፍ ጉዳይ ነው። ጥቁር ክንፏ በቀቀን እንደ ብዙዎቹ ዘመዶቿ ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን የምትጥለው በዛፍ ግንድ ፍልፍል ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ፍልፍል በዘንድሮ ችግኝ ላይ አይገኝም። ግንዱ እስኪወፍርና እስኪቦረቦር ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። በአካባቢያችን የስምጥ ሸለቆ ክፍል በተካሄደ ጥናት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ከመሬቱ 16 በመቶ ይሸፍን የነበረው የተፈጥሮ ደን በ2000 ወደ 2.8 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ ሺህ ችግኝ ተክለን አንድ አሮጌ ሾላ ብናስቆርጥ፣ ለወፏ ሒሳቡ ኪሳራ ነው።

ተስፋ ግን አለ። በሞሪሸስ ደሴት የሚኖረው በቀቀን በ1980ዎቹ ከሃያ በታች ደርሶ ነበር። ሰዎች አሮጌ ዛፍ ባነሰበት የእንጨት ሳጥን እየሰቀሉ ማደሪያ ሰጡት፤ ጫጩቶቹን ተንከባከቡ። ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራል። ቢሆንም የዓመታት ድካምና ብዙ ገንዘብ ጠይቋል። ዛፉን አለመቁረጥ ግን ምንም አያስወጣም።

«ሰው በተቸገረበት ዘመን ስለ ወፍ ታወራላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ዛፉ የሰውም ነው፤ ጥላው ለእኛ፣ ሥሩ አፈሩን ይዞ ለሐይቁ። ደግሞስ ያን ዛፍ የተከለው ወይም የጠበቀው ሰው ማን ነበር? ሙስሊም ከነበረ ሰደቃው እስከ ዛሬ እየፈሰሰለት ነው። በመጋዝ የምናቋርጠው እኛ እንዳንሆን።

ይህ አደራ ለከተማችንም እንግዳ አይደለም። የፊቼ ጨምበላላ በዓል በሚከበርበት በጉዱማሌ፣ የሲዳማ አባቶች ሕዝቡን ሲመክሩ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ይላሉ። ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት ጋር ደርበው ነው የሚከለክሉት።

እኛስ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ለተከላ ስንወጣ በአካባቢው የቆሙትን ትልልቅ ዛፎች እንቁጠር፣ እንመዝግብ፤ ሊቆረጥ የታሰበ ካለ የሚመለከተውን አካል በአደብ እንጠይቅ። ለሰው የሚያሰጋ ቅርንጫፍ ካለ ቅርንጫፉ ይነሳ እንጂ ግንዱ ይቆይ። ሁለተኛ፣ ሾላ፣ ዋርካና ዝግባ እንትከል፤ የተከልነውንም እስኪጸድቅ ውኃ እናጠጣ። ሦስተኛ፣ ከዱር የተያዘ ወፍ አንግዛ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጫጩቶቿ የተወሰዱባትን ወፍ ሲንከራተት አይተው እንዲመለሱላት አዘዋል። ወንዶ ገነት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ የምታዩትን እየመዘገባችሁ አካፍሉን።

ቁርኣን ወፎችን እንደ እኛው ኡማዎች መሆናቸውን ይነግረናል (አል-አንዓም 6፥38)። ለጎረቤት ኡማ ቤቱን ማፍረስ አይገባም። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም።