አረንጓዴው መብራት ለምን ይዋሻል?

እንደሚታወቀው በዚህ ዓመት የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ዐውደ ርእይ ላይ ከሚቀርቡት ሥራዎች መካከል አንዱ የእኛ የሳይንስ ቡድን ትንሽ ባቡር ነው። ባቡሩን ያላየ እጩ መምህር በግቢው ውስጥ የቀረ አይመስለንም። ከምሳ በኋላ በፔዳጎጂካል ማዕከሉ መስኮት ላይ የሚንጠለጠለው ሰው ብዛት እኮ ሥራ አስፈትቶናል! ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ግን ስለ ባቡሩ ማማር ለመናገር ሳይሆን፣ በሲግናሉ መብራት ምክንያት ስለተነሣው ክርክር ሐሳባችንን ለመግለጽ ነው።

ክርክሩ እንዲህ ነው። ዐውደ ርእዩን ከሚያዘጋጁት ወገኖች አንዳንዶቹ «ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴው በየአሥር ሴኮንዱ በተራ ቢበራ ይበቃል፤ ለእንግዳ ዓይን ያምራል፤ እዚህ ማን ባቡር ያውቃል?» ብለውናል። እኛ ደግሞ አይበቃም ባዮች ነን። መብራቱ መለወጥ ያለበት ሰዓት ሲሞላ ሳይሆን፣ ፊት ለፊት ያለው ሐዲድ በእርግጥ ባዶ ሲሆን ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። ባቡሩን የላኩልን ጀርመን አገር የሚኖሩት የአንደኛው ጓደኛችን አጎት ናቸው። ልጆቻቸው ካደጉ በኋላ በካርቶን ታስሮ የተቀመጠ ነበር። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎ፣ ሲገጣጠም ዙሪያ የሚገጥም ሐዲድና አንድ መቆጣጠሪያ አለው። ልኩ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ሲሆን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። 16.5ን በ87 አባዙት፤ 1435 ተኩል ገደማ ይመጣል። ይህ ማለት በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ስፋት ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የድሮው ባቡር ግን ሐዲዱ አንድ ሜትር ስለነበረ በእኛ ሐዲድ ላይ አይቆምም። አንድ የማባዛት ጥያቄ ይህን ሁሉ ታሪክ ይዞ ሲመጣ ያየነው በዚህ ባቡር ነው፤ ለሒሳብ መምህራኖቻችን በነፃ አበርክተናል።

ዲጂታል የተባለበት ምክንያት ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች በሐዲዱ ላይ ያለውን ቮልት ከፍ ዝቅ በማድረግ ነበር ባቡሩ የሚነዳው፤ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቭ ካለ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። በዲጂታሉ ግን በሐዲዱ ላይ ምንጊዜም ሙሉ ኮረንቲ አለ፤ ትእዛዙም በዚያው ኮረንቲ ላይ ተጭኖ ይጓዛል። አጭሩ ምት፣ ማለትም ግማሹ 58 ማይክሮ ሴኮንድ የሚሆነው፣ «አንድ» ተብሎ ይነበባል፤ ግማሹ 100 ማይክሮ ሴኮንድና ከዚያ በላይ ከሆነ «ዜሮ» ነው። ይህን ዘዴ ሌንዝ የተባለ የጀርመን ኩባንያ አበጅቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ማኅበር ደንብ አድርጎ ተቀብሎታል። እኛ ለራሳችን የገባን በስም ጥሪ ነው፦ መምህሩ ስም ሲጠራ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል፣ «አቤት» የሚለው ግን የተጠራው ብቻ ነው። ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ዲኮደር የራሱ ቁጥር ሲጠራ ብቻ ይታዘዛል። ሲግናሉም እንደዚሁ የራሱ ቁጥር ያለው ዲኮደር ሊሰጠው ይችላል።

ወደ ሽቦው እንግባ። ሦስቱ ኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች አወንታዊ እግራቸው በአንድ ሽቦ ተጣምሮ፣ አሉታዊው ግን ለየብቻ ይመጣል፤ ስለዚህ ስድስት ሽቦ መጎተቱ ቀርቶ አራት ይበቃል። እያንዳንዱም የራሱ ሬዚስተር ያስፈልገዋል። ምንጩ 12 ቮልት ቢሆንና ቀዩ መብራት ሁለቱን ቢወስድ 10 ቮልት ይተርፋል፤ እኛ የምንፈልገው ኮረንቲ 10 ሚሊ አምፔር ስለሆነ 10 ለ0.01 ሲካፈል 1000 ኦም ይመጣል። ይህን በአንደኛ ደረጃ የኦም ሕግ ብለን የምናስተምረው ነው። እኛው ግን በችኮላ ያለ ሬዚስተር አገናኝተን ሁለት ኤል.ኢ.ዲ. በአንድ ከሰዓት አቃጠልን። ብልጭ ብሎ ድርግም! ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀመሩን በቃላችን የጻፍን ሰዎች መሆናችን ነው እንግዲህ። ሌላም ነገር ተምረናል፤ የሲግናሉን ኮረንቲ ከሐዲዱ መውሰድ ጥሩ አይደለም። ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ሁለቱን ሐዲድ ሲያገናኛቸው መቆጣጠሪያው ኮረንቲውን ይቆርጣል፤ ሲግናሉም ከሁሉ በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ለብቻው ምንጭ ሰጠነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሐዲዱን በሁለት ክፍል ቆርጠን፣ በየክፍሉ የሚያልፈውን ኮረንቲ የሚለካ ጠቋሚ አገባን። ሎኮሞቲቩ ቆሞም ቢሆን ዲኮደሩ ጥቂት ኮረንቲ ስለሚወስድ ጠቋሚው ያውቀዋል፤ ሲግናሉም ቀይ ይሆናል። ሎኮሞቲቩ ሲወጣ አረንጓዴ ይሆናል። ሲሠራ ስናይ እልል ልንል ምንም አልቀረን።

አንድ ማክሰኞ ማታ የመጨረሻው ፉርጎ ተፈትቶ በሁለተኛው ክፍል ላይ ቀረ። ማናችንም አላየንም። ሎኮሞቲቩ ዙሩን ጨርሶ ሲመጣ ሲግናሉ ጥርት ያለ አረንጓዴ አብርቶ ጠበቀው፤ ገባናም የራሱን ፉርጎ ከኋላው ገጨው። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። በኋላ ግን አንዱ ጓደኛችን «ቆይ፣ መብራቱ ለምን ዋሸ?» አለ፤ እስከ መብራት መጥፊያ ሰዓት ድረስ ተቀምጠን ተከራከርን።

መልሱ ቀላል ነው። ፉርጎው ሞተር የለውም፤ ኮረንቲ አይወስድም፤ ለጠቋሚው የለም ማለት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነበር፦ 10 ሺህ ኦም ሬዚስተር በእያንዳንዱ ፉርጎ ላይ ከግራና ከቀኝ መንኮራኩር ጋር በቀጭን ሽቦ አገናኘን። ከዚያ ወዲህ ፉርጎ ተለይቶ ቢቀር ሲግናሉ ቀይ እንደሆነ ይቆያል።

ይህ የሕፃን ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1889 በአየርላንድ በአርማህ ከተማ አቅራቢያ የሆነውን ይመልከት። ለሽርሽር የሚሄዱ ብዙ ልጆችን የጫነ ባቡር ዳገት አቃተው። ሠራተኞቹ ለሁለት ከፈሉት፤ የኋላው ክፍል ግን ፍሬኑ አልያዘ ብሎት ቁልቁል ተንደረደረና ተከትሎት ከሚመጣው ባቡር ጋር ተላተመ። ሰማንያ ያህል ሰው አለቀ። በዚያ መስመር ባቡሮች የሚለቀቁት በሰዓት ልዩነት ነበር፤ «ይህን ያህል ደቂቃ አልፏል፣ ፊተኛው ሄዷል» በሚል ግምት ማለት ነው። በዚያው ዓመት በወጣው የእንግሊዝ ሕግ መሠረት በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ባቡር ብቻ እንዲገባ ግዴታ ሆነ። ታዲያ በየአሥር ሴኮንዱ የሚለወጥ መብራት ሥሩልን ስንባል፣ የምንባለው ያንኑ የሰዓት ግምት ለተማሪ እንድናሳይ አይደለምን?

«እናንተ የምታስተምሩት ገጠር ነው፤ እዚያ ዲጂታል ባቡር ከየት ይመጣል?» የሚሉን መምህር አሉ። እናከብራቸዋለን፤ ጥያቄያቸውም እውነት አለው። መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት ይህ ባቡር ጌጥ ነው። ስለሆነም ከባቡሩ ጎን ሌላ ሥራ አዘጋጅተናል፦ በጣውላ ላይ የተቸነከሩ ሁለት ቀጥ ያሉ የብረት ሽቦዎች፣ በአንዱ ጫፍ ደረቅ ባትሪና ሬዚስተር፣ በሌላው ጫፍ ሪሌይ። ኮረንቲው በሽቦዎቹ ዞሮ ሪሌዩን ሲስበው አረንጓዴ ይበራል። በሽቦዎቹ ላይ ምስማር ስናጋድም ኮረንቲው በምስማሩ አቋርጦ ይመለሳል፣ ሪሌዩ ይለቃል፣ ቀይ ይበራል። ምስማሩ የባቡሩ መንኮራኩርና ዘንግ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1872 ያወጣው ዘዴ ይኸው ነው።

እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ከዲጂታሉ ይልቅ ጣውላው ይበልጣል የምንልበት አንድ ነገር አለ። በዲጂታሉ ባቡራችን ለአንዱ የሐዲድ ክፍል ኮረንቲ የሚያደርሰው ሽቦ ቢበጠስ፣ ባቡር ቆሞበትም ቢሆን ጠቋሚው ኮረንቲ ስለማያገኝ «ባዶ ነው» ይላል፤ አረንጓዴ! በጣውላው ላይ ግን ሽቦ ቢበጠስ፣ የሐዲዱ ባትሪ ቢያልቅ፣ ሐዲዱ ቢሰበር፣ ሪሌዩ ስለሚለቅ ውጤቱ ሁልጊዜ ቀይ ነው። የመብራቱ የራሱ ባትሪ ካለቀ ደግሞ ሲግናሉ ይጨልማል፤ የጠፋን ሲግናል ደግሞ ባቡር ነጂ እንደ ቀይ ቆጥሮ ነው የሚቆመው። ይህን ጉድለታችንን ከእንግዶች መደበቅ አንፈልግም። በባቡሩ አጠገብ በትልቁ ጽፈን እንለጥፈዋለን።

ስለዚህ አዘጋጆቹን የምንጠይቀው በየአሥር ሴኮንዱ የሚበራው ነገር እንዲቀርና ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን እንዲቀመጡልን ነው። ጠረጴዛው ሰፋ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ባቡሩ ብቻውን ወደ ሁለት ሜትር ይፈልጋል። የሚጠራጠር ካለ ሐሙስ ከምሳ በኋላ በማዕከሉ አለን፤ መቀስ ይዞ ይምጣና ከጣውላው ላይ የፈለገውን የሐዲድ ሽቦ ይቁረጥ። መልሰን የምንቀጥልበት ሽቦ አዘጋጅተናል።