ሥልጣኔ በፕላስቲክ ኩባያ

ባለፈው ሳምንት ከመካከላችን አንዱ በምግብ አዳራሽ ሻዩን በፕላስቲክ ኩባያ ተቀብሎ ፉት እንዳለ፣ «ይህ ሻይ ነው ወይስ የቀለጠ ጫማ?» ቢል ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያበቃ ግን ኩባያችንን ወደ አፍንጫችን አስጠጋን፤ ልጁ እውነቱን ነበር።

ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። ፕላስቲክ ሲሠራ የሚጨመሩበት ማለስለሻዎችና ሌሎች ቅመሞች ሙቀትና ቅባት ሲያገኙ ወደ ምግቡ ይወጣሉ። ጠንካራው የሜላሚን ሳሕን እንኳ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለሞቀ ምግብ እንዳይውል የጀርመን መንግሥት የአደጋ ግምገማ ተቋም አስጠንቅቋል። እናቶቻችን በፍቅር የሚልኩልን ድልህና ቂቤስ በምን ይመጣል? ቀድሞ ሌላ ነገር በያዘ የፕላስቲክ ባልዲ!

የማይበሰብስና ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር በታች የሆነ ፌስታል ለገበያ እንዳይቀርብ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ተደንግጎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ ከለከለ። የወጥ ቤቱ ጉዳይ ግን ለእኛ ለተመጋቢዎቹ ቀርቷል።

ይህን ስንል ወደ አያቶቻችን ዘመን እንመለስ ማለታችን አይደለም። ባዶዋን እንኳ ጀርባ የምታጎብጠውን እንስራ ጀሪካን ሲተካት እኅቶቻችን ያገኙትን እፎይታ የሚያውቅ ሰው እንስራ ይመለስ ብሎ አይጮኽም፤ ከጮኸም ውሃ ቀድቶ የማያውቅ ነው። ሸክላም ቢሆን ያለ ማገዶ አይተኮስም። ነገር ግን ለእሳትና ለትኩስ ነገር ሸክላን ማን ተካው? የኤሌክትሪኩ ምጣድ እንኳ ሽቦው የተቀበረው በሸክላ ውስጥ ነው።

ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብለን ሰድበን፣ ጋብቻና መሬት ነሥተን፣ በምጣዷ የተጋገረውን እንጀራ ስንበላ ኖረናል። አሁን ደግሞ ገበያዋን ለፕላስቲክ ሰጠንባት። በዚሁ ግቢ የእናቱ ሥራ ሲጠየቅ «ነጋዴ ናት» ብሎ አንገቱን የሚደፋ የሸክላ ሠሪ ልጅ መኖሩን እናውቃለን። ከእርሱ ይልቅ ማፈር የሚገባን እኛ ነን።

ስለዚህ ማኅበራችን ለምግብ አዳራሹ ኃላፊዎች ይህን እንዲያቀርብ እንጠይቃለን፦ ሻይ በብርጭቆ፣ ወጥ በማይዝግ ብረት ሳሕን ይቅረብ፤ ሽሮው በሸክላ ድስት ይሠራ፤ ድስቱም ከደላላ ሳይሆን ከሠሪዋ ከራሷ እጅ በተገቢው ዋጋ ይገዛ። «ብርጭቆ ይሰበራል» የሚለውን መልስ ከወዲሁ ሰምተነዋል። የሰበረ ይክፈል፤ ከሰባሪዎቹ ብዙዎቹ እኛው መሆናችንን ብናውቅም።