የፕሮጀክተር ብርሃን በካርቶን ላይ ጽሑፍ አይገዛ

ለሳሎናቸው ፕሮጀክተር የሚገዙ ሰዎች ስለ ዋጋና ስለ ስክሪን ስፋት ይከራከራሉ እንጂ ስለ ብርሃኑ መጠን እምብዛም አይጠይቁም። ኪሳራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ባለ 100 ኢንች ስክሪን 2.8 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን ባለ 150 ኢንቹ 6.2 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ኢንቹ በግማሽ ሲጨምር ስፋቱ ከእጥፍ በላይ ስለሚሆን፣ በትንሹ ላይ የደመቀው ምስል በትልቁ ላይ ይደበዝዛል። የሲኒማ ቤቶች መለኪያ በጨለማ አዳራሽና በተራ ነጭ ስክሪን ሲሰላ በካሬ ሜትር 150 ሉመን ያህል ነው። በዚህም ባለ 150 ኢንቹ 930 ሉመን ይፈልጋል። አምፖሉ ሲያረጅ ብርሃኑ በግማሽ ስለሚቀንስ ደግሞ ከ1,900 መነሳት ይገባል። መብራት ለማይጠፋበት ሳሎን ይህም አይበቃም።

ችግሩ ቁጥሩ ራሱ መታመኑ ነው። በርካሽ ዕቃዎች ካርቶን ላይ የሚጻፈው በሺህ የሚቆጠር ሉመን ብዙ ጊዜ የውስጥ አምፖሉ ብርሃን እንጂ ከሌንሱ የሚወጣው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የወጣው የአንሲ ደረጃ ግን የሚለካው ስክሪኑ ላይ የሚያርፈውን ነው። በዚህ መካከል የሚጎዳው 2,000 አንሲ ሉመን ብሎ እውነቱን የጻፈው ነጋዴ ነው፤ 9,000 ከጻፈው ጎረቤቱ ፊት ዕቃው ደካማ ይመስላል።

መፍትሔው ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ሻጩ የአንሲውን ቁጥር በደረሰኙ ላይ ያስፍር፤ ገዢውም ዕቃውን በሚፈልገው ስፋት አስበርቶ ሳያይ ገንዘቡን አይቁጠር።