ማሻሻል የአንድ ወቅት ዘመቻ አይደለም

ካይዘን የተሰኘው የጃፓኖች የአሠራር ዘዴ ሥራን ያለማቋረጥ፣ ጥቂት በጥቂት ማሻሻል ማለት ነው። በአገራችን በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ዘዴው በብዙ ፋብሪካዎች ተሠርቶበታል። ሆኖም ለፋብሪካ ብቻ የተወሰነ አይደለም።

ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላን ማጠጣት ጎብዬን ጨምሮ በራያ ቆቦ ቆላ የቆየ ሙያ ነው። ጎርፉ ግን የአሸዋና የቁጥቋጦ ክተሩን ይንዳል፤ ቦዩንም በደለል ይሞላል። ጥገናው እስከሚቀጥለው ክረምት ከተተወ ቀጣዩ ጎርፍ ያመልጣል፤ በቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ ማሽላም ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሕዝቡን ለሥራ በመጥራት ብቻ ሊወሰኑ አይገባም። ከእያንዳንዱ ጎርፍ በኋላ ከጠለፋው እስከ መጨረሻው ማሳ ከአባላቱ ጋር ተዘዋውረው ውሃው የትና ለምን እንደባከነ መመርመር፣ ጉዳቱ ሳይሰፋ ማስጠገን፣ የተሻለ ሆኖ የተገኘውንም አሠራር ለሁሉም ማዳረስ ይጠበቅባቸዋል። ጉድለትን አስቀድሞ የሚያየው ሥራው ላይ ያለው ሰው መሆኑ የካይዘን ዋና ትምህርት ነው። በመሆኑም በቅድሚያ ሊደመጥ የሚገባው ውሃው ሳይደርሰው የሚቀረው ገበሬ ነው። ለዚህም በጀት መጠበቅ አያሻም።